አንድ መቶ ዋት፦ ስለ ትንንሽ የራዲዮ ጣቢያዎች ሕግ አመጣጥ በዋራበሌ የተደረገ ምልልስ

ከዚህ በታች የተጻፈው ምልልስ የተደረገው በጅቡቲ ከተማ፣ ከአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ማዶ በዋራበሌ፣ ራዲዮና ቴሌቪዥን በሚጠገንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ደጃፍ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ሰው ከየቤቱ ወጥቶ በሚቀመጥበት ሰዓት ነው። ተናጋሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ አንደኛው ድጓውንና ቅኔውን በጎጃም ተምረው በዚህች የባሕር በር ብዙ ዘመን የኖሩ መሪጌታ፣ ሁለተኛው አገር ቤት ሳለ በአንድ የማኅበረሰብ ራዲዮ ጣቢያ በቴክኒክ ሥራ ያገለገለው የሱቁ ባለቤት፣ ሦስተኛውም ጭነት እስኪደርሰው ድረስ ተሳቢውን የጭነት መኪኖች ተሰልፈው በሚጠብቁበት በፒኬ 12 አቁሞ የተበላሸ ራዲዮውን ይዞ የመጣ ሾፌር ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለ ለመኑኝ በሙያቸው ጠርቻቸዋለሁ፤ ንግግራቸውንም ከመደጋገሙ በቀር ብዙ አልነካሁትም።

መሪጌታ፦ ትናንት የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን በተሰበሰበ ጊዜ አንዱ ወጣት ተነሥቶ፣ «በዚህ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን የአንድ ሰፈር ስፋት ያላት ትንሽ ራዲዮ ብትኖረን፣ የሞተብንን ለመቅበር፣ የታመመብንን ለመጠየቅ ቤት ለቤት መዞር ባልኖረብን ነበር» ብሎ ቢናገር፣ ሌላው ቀበል አድርጎ «ለእርሱማ ፈቃድ ያስፈልጋል» አለውና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። እኔ ግን ሳሰላስለው ዐደርሁ። ድምፅ ፈጣሪ ለሰው ልጅ የሰጠው ጸጋ ሆኖ ሳለ፣ አየሩም ማንም ያላረሰው ማንም ያልከለለው ሆኖ ሳለ፣ ፈቃድ የሚሉት ነገር በመካከሉ የገባው በማን ዘመንና በምን ምክንያት እንደ ሆነ ታስረዳኝ ዘንድ መጣሁ፤ ንባቡን ብቻ ሳይሆን አንድምታውን ጭምር እፈልጋለሁ።

ጠጋኙ፦ ይቀመጡ መሪጌታ፤ ያቺ ወንበር እግሯ ስለሚወላገድ ይህችኛዋ ትሻልዎታለች። ፈቃድ መጀመሪያ የመጣው ሰውን ዝም ለማሰኘት ታስቦ አይደለም፤ ሰዎች በአየር ላይ መደማመጥ ስላቃታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ የተባለችው መርከብ ከሰጠመች በኋላ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ አውጥቶ፣ ማንም ሰው ከመንግሥት ፈቃድ ሳይቀበል የራዲዮ ማስተላለፊያ እንዳያንቀሳቅስ አዘዘ፤ በየቤታቸው ሽቦ እየጠመጠሙ ይሞክሩ የነበሩትንም ወጣቶች ከ200 ሜትር በታች ወዳለው ሞገድ አወረዳቸው። የዚያ ሞገድ ዋጋ ገና አልታወቀም ነበርና ነገሩ እንደ ግዞት ይቈጠር ነበር፤ በኋላ ግን ውቅያኖስ የሚሻገረው አጭር ሞገድ እርሱ ሆኖ ተገኘና ግዞተኞቹ ካባረሯቸው ይልቅ ሩቅ ለመናገር በቁ።

መሪጌታ፦ መጀመሪያውስ ይገባኛል። በአንድ ማኅሌት አንዱ መዘምር በግዕዝ፣ ሁለተኛው በዕዝል ዜማ ባንድ ጊዜ ቢያነሡ የሚሰማው ሁካታ ነው፤ ስለዚህም ማን እንዲያነሣ፣ ማን እንዲቀበል መሪው ያዝዛል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሥርዐት ተራ ይሰጣል እንጂ አፍ አይለጕምም።

ጠጋኙ፦ የኤፍኤም ጠባይ ደግሞ ከዚህ ይለያል። በኤፍኤም ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ቍጥር ላይ ቢገናኙ፣ መቀበያው የበረታውን ይዞ የደከመውን ይጥለዋል፤ ስለዚህ ታናሹ ታላቁን ከሚረብሸው ይልቅ ታላቁ ታናሹን ሲውጠው ይታያል። ይህን አስቀድሜ የምነግርዎት፣ በኋላ ስለ ትንንሾቹ ጣቢያዎች በተደረገው ክርክር «ልንረበሽ ነው» እያሉ የጮኹት ታላላቆቹ ስለ ነበሩ ነው።

ሾፌሩ፦ እኔ ይህን በመንገድ ዐውቀዋለሁ። ከአዲስ አበባ ስነሣ ሸገር ራዲዮን ከፍቼ እወጣለሁ፤ አዳማን አልፌ ወደ መተሐራ ቍልቍል ስል መንቃቃት ይጀምራል፤ ቦታው ሲገለጥ ይመለሳል፣ ጋራው ሲጋርደው ይጠፋል፤ አዋሽን ከተሻገርሁ ወዲያ በፍላሽ የያዝሁትን ዘፈን ካልከፈትሁ ከሞተሩ በቀር የሚያጫውተኝ የለም። እዚህ ስደርስ ደግሞ፣ በሐሩሩ ወራት ሌሊት፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ የዐረብ ጣቢያ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። የመተሐራን ቍልቍለት ያልወጣው ሞገድ ባሕሩን እንዴት ተሻገረው?

ጠጋኙ፦ ጋሼ፣ የኤፍኤም ሞገድ በተለመደው ጊዜ ዐይን ከሚያየው አድማስ ብዙም አያልፍም። በሐሩር ወራት ግን ከባሕሩ ወለል ላይ ያለው እርጥብና ቀዝቀዝ ያለ አየር በሞቃትና በደረቅ አየር ሲከደን፣ ሞገዱ ወደ ላይ አምልጦ መሄዱን ትቶ በዚያ በታችኛው አየር ውስጥ እየታጠፈ የባሕረ ሰላጤውን ስፋት ይሻገራል። ሕግ አውጪ በካርታ ላይ ክብ አስምሮ «ከዚህ አትለፍ» ይላል፤ አየሩ ደግሞ በሐምሌ አንድ፣ በጥር ሌላ ነው። ስለዚህም የአውሮፓና የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1984 በጄኔቫ ተሰብስበው፣ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለውን የኤፍኤም ሰሌዳ በየአገሩ የሚደለድል ስምምነት ጻፉ፤ ጎረቤት ሳይጠየቅ አዲስ ጣቢያ እንዳይተከል ሆነ።

መሪጌታ፦ እንግዲያስ የሰፈር ራዲዮ ይህን ሁሉ ጉባኤ የሚያስጠራ ነገር ነውን? አንድ ሰፈር የሚሸፍን ድምፅ ማንን ይጎዳል?

ጠጋኙ፦ ይህችን ሰሌዳ ይመልከቷት። አንዱ ደንበኛዬ የድምፅ ማጉያ መስላው ከገበያ ገዝቶ ያመጣት ርካሽ የኤፍኤም ማስተላለፊያ ናት። ከመውጫዋ አጠገብ ሦስት አራት ትንንሽ የመዳብ ጥቅልሎች ሊኖሩ ይገባ ነበር፤ ቀዳዳው ተበጅቶላቸዋል፣ እነርሱ ግን የሉም፤ ነጋዴው ሳንቲም ለመቈጠብ ትቷቸዋል። እነዚያ ጥቅልሎች ማጣሪያ ናቸው። እነርሱ ከሌሉ፣ ሰውየው በ96 ሜጋኸርዝ የሚናገር እየመሰለው በ192ም አብሮ ይናገራል። ከዚህም የሚከፋው፣ ከ108 ሜጋኸርዝ ወዲያ ያለው ሰሌዳ የአውሮፕላኖች ነው፤ መንገዳቸውን የሚያሳያቸውና ከማማው ጋር የሚያነጋግራቸው ሞገድ ከኤፍኤሙ ጋር አጥር ለአጥር ነው። የአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል? እኔ ራሴ ለትንሹ ራዲዮ ጠበቃ ነኝ፤ ይህችን ሰሌዳ ግን በዚህ ከተማ ማንም ሳያጣራት እንዲሰካት አልፈቅድም።

መሪጌታ፦ ይህ የቀና ምክንያት ነው፤ ተቀብያለሁ። ነገር ግን የቀና ምክንያት ለጠማማ ሥራ ሽፋን ሲሆን አይቻለሁና ቀጥል።

ጠጋኙ፦ ጠማማነቱ ወይም ቅንነቱ ከአሜሪካኖቹ ታሪክ ይታያል፤ የትንሽ ኃይል ራዲዮ ሕግ በጽሑፍ ጎልቶ የተገኘው በእነርሱ ዘንድ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1948 የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽናቸው ለትምህርት ቤቶች የ10 ዋት ኤፍኤም ፈቀደ። 10 ዋት ማለት ይህ በጣሪያዬ ላይ ያለው አምፖል የሚበላውን ያህል ነው፤ ሆኖም አንቴናው ከፍ ካለ ተማሪዎቹ ከተማቸውን ያዳርሱበት ነበር። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ከኖሩ በኋላ፣ የሕዝብ ራዲዮ እንዲስፋፋ ገንዘብ የሚሰጠው ራሱ የመንግሥት ኮርፖሬሽን «እነዚህ ጥቃቅኖች ለታላላቆቹ የሚሆነውን ቦታ ያዙት» ብሎ በማመልከቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ የ10 ዋት ፈቃድ መሰጠቱ ቀረ፤ የነበሩትም ወይ ኃይላቸውን እንዲያሳድጉ ወይ ተነሡ ሲባሉ እንዲነሡ ተደረገ። ያን በር የዘጋው ነጋዴ አልነበረም፤ «ለሕዝብ ጥቅም» የቆመው ክፍል ነበር።

ሾፌሩ፦ ታዲያ ማን ከፈተው?

ጠጋኙ፦ ማየት የተሳነው አንድ ሰው ነው ከከፈቱት አንዱ። ምባና ካንታኮ ይባላል፤ ኢሊኖይ ውስጥ በስፕሪንግፊልድ ከተማ በድሆች መኖሪያ ሕንፃ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ከመኖሪያ ክፍሉ ሆኖ በ1 ዋት መናገር ጀመረ፤ የሚናገረውም ፖሊስ በሰፈሩ ሰዎች ላይ ስለሚያደርሰው በደል ነበር። በ1989 ኮሚሽኑ እንዲዘጋ አዝዞ 750 ዶላር ቀጣው፤ እርሱም ቅጣቱንም ትእዛዙንም አልተቀበለም። ከእርሱ በኋላ ስቲቨን ዳኒፈር የተባለው መሐንዲስ በ1993 በበርክሊ ማስተላለፊያውን በጀርባው አዝሎ ኮረብታ እየወጣ ማሰራጨት ጀመረ፤ መንግሥት ከሰሰው፤ ዳኛዋ ክላውዲያ ዊልከን ግን በ1995 ጣቢያው ወዲያውኑ እንዲዘጋ መንግሥት ያቀረበውን ጥያቄ ሳትቀበለው ቀረች። በመጨረሻ፣ በ1998፣ አዘጋችው፤ ነገር ግን በእነዚያ ሦስት ዓመታት መካከል ፈቃድ የሌላቸው ትንንሽ ጣቢያዎች በየከተማው እንደ አሸን ፈሉ። ምክር ቤቱ ደግሞ በ1996 ባወጣው ሕግ አንድ ኩባንያ በአገሩ ሁሉ ሊይዝ የሚችለውን የራዲዮ ጣቢያ ቍጥር ገደብ አንሥቶ ነበርና፣ ጣቢያዎች እየተገዙ በጥቂቶች እጅ ሲከማቹ የሰፈር ሰው ድምፅ ይበልጥ ጠፋ።

(ጠጋኙ ይህን ሲተርክ ድምፁ ከፍ ይል ነበር። በእኔ አስተያየት ለእነዚያ ሰዎች ያለው ፍቅር ከትረካው አልፎ ወደ ውዳሴ ይጠጋል፤ ከመካከላቸው ማጣሪያ በሌለው ሰሌዳ ይናገር የነበረ አንድም አልነበረም ብሎ የሚምል ያለ አይመስለኝም። ቢሆንም ስለ ጥቅልሎቹ አስቀድሞ ስለ ተናገረ አላቋረጥሁትም።)

መሪጌታ፦ ኮሚሽኑስ ምን አደረገ?

ጠጋኙ፦ በዚያ ዘመን ሊቀ መንበሩ ዊልያም ኬናርድ ነበር፤ በዚያ ወንበር ላይ ለመቀመጥ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በጥር ወር 2000 እ.ኤ.አ. ኮሚሽኑ የዝቅተኛ ኃይል ኤፍኤም ሥርዐትን አጸደቀ፤ 100 ዋትና 10 ዋት የሚባሉ ሁለት ማዕርጎች ነበሩት፤ ፈቃዱም ለትርፍ ለማይሠሩ የአካባቢ ማኅበራት ብቻ ይሰጥ ዘንድ ተወሰነ። 100 ዋት ከ30 ሜትር ምሰሶ ላይ ቢነገር በደኅና የሚሰማው አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። እዚህ ዋራበሌ ብንተክለው የባልባላን አካባቢ ሁሉ ሸፍኖ ወደ ወደቡ ከተማ ይጠጋል ማለት ነው። በነገራችን ላይ ኃይሉን ዐሥር እጥፍ ብታደርገው ርቀቱ እጥፍ እንኳ አይሞላም፤ ሞኝ ገንዘቡን በዋት ላይ ያፈሳል፣ ብልህ በምሰሶ ላይ።

ሾፌሩ፦ እንግዲያው ታላላቆቹ ምን አስጮኻቸው?

ጠጋኙ፦ «ሦስተኛ ጎረቤት» የሚባል ነገር ነው። የአሜሪካ ጣቢያዎች በ0.2 ሜጋኸርዝ እርምጃ ይደረደራሉ። አንድ ትልቅ ጣቢያ በ100.1 ቢኖር፣ ኮሚሽኑ ትንሹን ከሦስት እርምጃ በኋላ በ100.7 ሊያስቀምጠው አሰበ። የብሮድካስተሮች ብሔራዊ ማኅበርም፣ ናሽናል ፐብሊክ ራዲዮም አብረው «ይረብሸናል» አሉ፤ ምክር ቤቱም በታኅሣሥ ወር 2000 እ.ኤ.አ. በበጀት ሕግ ውስጥ ሸጕጦ ያን ቦታ ከለከለ፤ በዚህም በታላላቅ ከተሞች ለትንንሾቹ ሊሆን ይችል የነበረው ቦታ አብዛኛው ጠፋ። ይኸው ሕግ «ይጠና» ብሎ ስላዘዘ ማይተር የተባለው ድርጅት አጥንቶ በ2003 ሲያቀርብ፣ ያን ያህል የሚያሰጋ መረበሽ አላገኘም። ሆኖም ክልከላው እስኪነሣ ድረስ ተጨማሪ ሰባት ዓመት ተኩል ፈጀ፤ ባራክ ኦባማ የፈረመበት በጥር ወር 2011 ነው። ደግሞም ይስሙ፤ ያ የ2000 ዓመት ሕግ፣ ቀድሞ ያለ ፈቃድ ያሰራጨ ሰው የትንሽ ኃይል ፈቃድ እንዳያገኝ ከልክሎ ነበር።

መሪጌታ፦ በሩን አንኳኵተው ያስከፈቱት ራሳቸው በደጅ ቀሩ ማለት ነው! ሕጉ ከእነርሱ የተወለደ፣ እነርሱን ግን ልጆቼ አይደላችሁም ያለ። ካንታኮስ ምን አለ?

ጠጋኙ፦ እርሱ መጀመሪያውንም ፈቃድ አልጠየቀም። ሰው ሆኖ ለመናገር ወረቀት አያስፈልገኝም ባይ ነበር።

መሪጌታ፦ እርሱን አከብረዋለሁ፤ የአውሮፕላኑን ነገር ካነሣህ ወዲህ ግን አልከተለውም። አሁን ወደ አገራችን ና።

ጠጋኙ፦ በአገራችን ነገሩ የተገለበጠ ነው። በአሜሪካ ድምፁ ቀድሞ ሕጉ ተከተለ፤ በእኛ ዘንድ ሕጉ ቀድሞ ድምፁ ተጠራ። ራዲዮ ከመጀመሪያው የመንግሥት ነው፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጠላት ሊወርረን በተቃረበ ጊዜ ለዓለም አቤት ያልንበት እርሱ ነው። ከመንግሥት ውጭ የነበረው ትልቁ የሉተራውያን ብሥራተ ወንጌል ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. ተከፍቶ፣ በመጋቢት 1969 በደርግ ተወረሰና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ።

መሪጌታ፦ አስታውሳለሁ። ማታ ማታ መሪጌታዬ ሳያዩ እናዳምጠው ነበር። ካህን ሆኜ የሌላ እምነት ጣቢያ አደምጥ ነበር ማለቴን እንዳትጽፈው።

(ጻፍሁት፤ በኋላ ግን ሳቁና ፈቀዱ።)

ጠጋኙ፦ ደርግ ከወደቀ በኋላ የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ወጣና ጋዜጣና መጽሔት በየመንገዱ ፈላ፤ አየሩ ግን ተዘግቶ ቆየ። የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178/1991 ሲወጣ ለግል ራዲዮ በሩ በጽሑፍ ተከፈተ፤ በተግባር ለሸገርና ለዛሚ ፈቃድ እስኪሰጥ ድረስ ግን ሌላ ሰባት ዓመት ገደማ ዐለፈ። ስለ ማኅበረሰብ ራዲዮ አጥርቶ የተናገረው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ነው። ብሮድካስትን በሦስት ከፈለው፤ የሕዝብ፣ የንግድ፣ የማኅበረሰብ ብሎ። ይህ አከፋፈል በአፍሪካ ብዙ ተመክሮበታል፤ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣችው ሕግ ተቀብላዋለች፤ በ2001 በዊንድሁክ የተሰበሰቡትም የአፍሪካን የብሮድካስት ቻርተር ሲጽፉ አጽንተውታል።

ሾፌሩ፦ ደቡብ አፍሪካ ደግሞ እንደ አሜሪካ በድፍረት የጀመረ የለም?

ጠጋኙ፦ አለ እንጂ፤ በኬፕ ታውን ቡሽ ራዲዮ የሚባለው በ1993 ያለ ፈቃድ ተናግሮ ፖሊስ ዕቃውን ወሰደበት፤ በ1995 ግን ፈቃድ አገኘ። እዚያ ያንኳኳው ገባ። ኬንያ ደግሞ ከሁላችን ቀድማ ነበር፤ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በሆማ ቤይ በዩኔስኮ እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1982 ትንሽ ራዲዮ ተከፍቶ ሁለት ዓመት ከሠራ በኋላ መንግሥት ዘጋው። የቆመለት ሕግ ስላልነበረ የተከራከረለት አልተገኘም። ሕግ ያስፈልጋል ስል ይህን እያሰብሁ ነው።

መሪጌታ፦ የእኛው አዋጅ ማኅበረሰብ ሲል ማንን ነው? አንቀጹን በቃልህ ከያዝኸው በለኝ።

ጠጋኙ፦ በቃሌ አልይዘውም፤ መንፈሱ ግን በአንድ በተወሰነ አካባቢ የሚኖር ወይም የጋራ ጥቅም ያለው ሕዝብ፣ ለትርፍ ሳይሆን በራሱ ፈቃድና ፍላጎት የሚያቋቁመው የሚል ነው። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ አሜሪካኖቹ ትንሽነትን በዋትና በምሰሶ ለኩ፤ እኛ ግን በባለቤትነት ለካን። የእኔም ሐሳብ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ዋት የሚለካ ሕግ ኃይሉን ይቈጣጠራል፣ ባለቤቱን ግን በጥቂቱ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ በአሜሪካ ከተሰጡት የትንሽ ኃይል ፈቃዶች ብዙዎቹ በአብያተ ክርስቲያናት እጅ ገቡ። ባለቤትን የሚለካ ሕግ ደግሞ «ማኅበረሰቡ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለፈቃድ ሰጪው ባለሥልጣን ጠረጴዛ ይሰጣል።

መሪጌታ፦ እኔስ ከየት ላይ ነኝ? ቤተ ክርስቲያን ማኅበረሰብ አይደለችምን? ሰንበቴው፣ ጽዋው፣ ዕድሩ፣ ሰው በየሳምንቱ የሚገናኝበት ደጀ ሰላም፤ ከዚህ የበለጠ በራሱ ፈቃድ የቆመ ማኅበር ወዴት አለ?

ጠጋኙ፦ የ1999ኙ አዋጅ ለፖለቲካ ድርጅትና ለሃይማኖት ድርጅት ፈቃድ አይሰጥም ነበር።

መሪጌታ፦ ይህን ነው እንግዲህ የማልወድደው። ፖለቲከኛውንና ካህኑን በአንድ መስመር አስቀመጠን።

ጠጋኙ፦ መሪጌታ፣ አይቈጡኝና ልጠይቅዎት። የሰፈሩ ራዲዮ በቤተ ክርስቲያን እጅ ቢሆን፣ በሰፈሩ የሚኖረው እስላም የልጁን ሠርግ በእርስዎ ማይክሮፎን ሊነግር ይመጣልን?

መሪጌታ፦ ከመጣ እንነግርለታለን።

ጠጋኙ፦ እንደሚነግሩለት አልጠራጠርም፤ የምጠይቀው ይመጣል ወይ ብዬ ነው።

መሪጌታ፦ ... እንጃ። ምናልባት ዐፍሮ ይቀራል። እሺ፤ በዚህስ ሕጉ ያሰበው አለ። ሰፈር የሁሉ ሲሆን ራዲዮውን አንዱ መቅደስ መያዝ የለበትም ቢል ምክንያት አለው። ነገር ግን እንዲህ ከሆነ መንግሥትም መያዝ የለበትም።

ጠጋኙ፦ እዚያው ነው ያለው ቍስሉ። በአገራችን ከተከፈቱት የማኅበረሰብ ጣቢያዎች መካከል የጅማ ዩኒቨርሲቲው አለ፤ በዱራሜ የከምባታው፣ በሰቆጣ የዋግ ኽምራው፣ በአዲስ አበባ የኮሬው አሉ። ከአዋጁም አስቀድሞ በይርጋለም በአየርላንድ መንግሥት እርዳታ የተተከለው የሲዳማ ራዲዮ ነበር። የሰቆጣውን ብቻ ቢወስዱ፣ የኽምጣና ቋንቋ ቤቱን ያገኘበት ነው፤ ለዚያ አንድ ጥቅም ብቻ አዋጁ እንኳንም ወጣ ያሰኛል። የዩኒቨርሲቲው ግን ያከራክራል። ደመወዙን የሚከፍለው መንግሥት፣ ሕንፃው የመንግሥት፣ ተማሪው በየአራት ዓመቱ ተመርቆ የሚሄድ፤ ይህ በእኔ ሚዛን ለማስተማር የሚጠቅም፣ የማኅበረሰብ ለመባል ግን ስሙ ከአካሉ የሚሰፋ ነው።

ሾፌሩ፦ አንተ የሠራህበትስ እንዴት ነበር?

ጠጋኙ፦ ስሙን አልጠራውም። ማስተላለፊያው ጥሩ ነበር፤ አንቴናው፣ እያንዳንዱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የሆነ አራት ደረጃ፣ ከደብሩ ጕልላት በላይ ከሩቅ ይታይ ነበር። በሕዝብ የተመረጠ ቦርድም ነበረው፤ የሚሰበሰበው ግን እርዳታ ሰጪው ሊጎበኝ ሲመጣ ነው። ገበሬዎቹ በበጎ ፈቃድ መጥተው ይናገሩ ነበር፤ አንዲት እናት ስለ ማሽላ ዘር አመራረጥ በየሳምንቱ የምትናገረውን ሰው ገበያ አቋርጦ ይሰማት ነበር። እርዳታው በቀረ ጊዜ ጄኔሬተሩ ነዳጅ አጣ፤ መብራት በሌለ ቀን ዝም እንል ጀመር። ከወረዳው በጀት ስንቀበል ደግሞ ዜናውን ማንበብ ከእነርሱ ወረቀት ሆነ። ማንም «አንብብ» ብሎ አላስገደደንም፤ ዝም ብሎ እንዲያ ሆነ። የማሽላዋም ሰዓት ወደ ማለዳ ተገፋ፤ በዚያ ሰዓት እርስዋ ውኃ ትቀዳለች።

መሪጌታ፦ ይህን ያህል ከሆነ ሕጉ ከፈቃዱ ይልቅ ገንዘቡን ማሰብ ነበረበት።

ጠጋኙ፦ ሕጉ ስለ ገንዘብ ሲናገር ትርፍ መከልከሉን ያውቃል፤ ነዳጅ ከወዴት እንደሚመጣ አያውቅም። የ1999ኙ አዋጅ አሁን በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ተተክቷል፤ ባለሥልጣኑም ስሙን ለውጧል፤ የነዳጁ ጥያቄ ግን እንዳለ አለ።

ሾፌሩ፦ እስካሁን የተናገራችሁት ሁሉ ስለ ሌላ አገር ነው። እኛ ያለነው ጅቡቲ ነው።

ጠጋኙ፦ በዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የኮሙኒኬሽን ነጻነት ሕግ አለ፤ በአየር ላይ ያለው የአገሬው ጣቢያ ግን የመንግሥቱ ራዲዮና ቴሌቪዥን ነው፤ በፈረንሳይኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በዐረብኛ ይናገራል። እኛ እንግዶች ነን፤ እንግዳ የባለቤቱን ቤት ደንብ ያነባል እንጂ አያርምም። ለወጣቱ የምነግረው፣ በዚህ ምድር አንቴና ከመትከል ይልቅ በማኅበሩ ስም በመንግሥቱ ጣቢያ የአንድ ሰዓት ጊዜ በደብዳቤ መጠየቅ ይቀድማል ብዬ ነው። ለቀብርና ለታማሚ መጠያየቂያ የስልክ ቡድኑ ይበቃል፤ ራዲዮ የሚያስፈልገው ከቡድኑ ውጭ ያለውን፣ ስልኩ የጠፋበትን፣ ትናንት በእግሩ በርሃ አቋርጦ የደረሰውን ለማግኘት ነው።

መሪጌታ፦ ደብዳቤውን እኔ አረቅቃለሁ፤ ፈረንሳይኛውን የሚያውቅ ፈልጉልኝ። ነገር ግን አስቀድሞ ማኅበሩ ማን ነን የሚለውን መመለስ አለበት፤ አንተ ባለቤትነት ነው ዋናው ብለህ የለም?

ሾፌሩ፦ እኔም እዚያ ላይ ጥያቄ አለኝ። ሕጉ «በአካባቢው የሚኖር» ካለ እኔ አልኖርም፤ እዚህ ዐሥር ቀን እቆማለሁ፣ ከዚያ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እመጣለሁ። እኛ ሾፌሮች ብዙ ነን፤ በፒኬ 12 ተሰልፈን የምንጠብቅ፣ ታመን የምንወድቅ፣ መንገድ መዘጋቱን ከድንበሩ ጋላፊ ከደረስን በኋላ የምንሰማ። የኛ ሰፈር መንገዱ ነው።

ጠጋኙ፦ አዋጁ «ወይም የጋራ ጥቅም ያለው» ስላለ ጋሼ አሉበት፤ ያቺ «ወይም» ለእርስዎ የተጻፈች ትመስላለች። ችግሩ የአንቴናው ነው፤ ጥቅማችሁ ከሞጆ እስከ ወደቡ የተዘረጋ ነው፣ 100 ዋት ደግሞ ቆሞ የሚናገረው ባንድ ቦታ ነው። በጋላፊ በእኛ በኩል ቢተከል እንኳ ግማሹ ክብ እዚህኛው አገር ይወድቃልና በጄኔቫው ስምምነት መሠረት የጎረቤት ፈቃድ ይጠየቃል።

መሪጌታ፦ የጋላፊውን ለጊዜው ተወው። በደብዳቤው ላይ ከሾፌሮቹ አንድ፣ ከሴቶቹ ማኅበር ሁለት፣ ከወደብ ሠራተኞቹ አንድ፣ ከእስላም ወንድሞቻችን አንድ በኮሚቴው እንዲኖሩ እጽፋለሁ፤ ካህን አይኑርበት። እኔ ረቂቁን ብቻ ልጻፍ።

ሾፌሩ፦ የሾፌሮቹን እኔ እሆናለሁ። ስብሰባው ግን በማክሰኞ እንዳይሆን፤ ማክሰኞ ጋላፊ ኬላ ላይ ነኝ።